ጥፊ የሚያጮል ደጋን

የአጎቴ ልጅ እስክሪብቶ እንኳ የማያውስ ሰው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ኮምፓውንድ ደጋኑን ከነሳጥኑ ተሸክሞ መጥቶ "እስኪሰለችህ ያዘው" ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። እንዲያውም መረቅኩት።

ለማያውቀው ላስረዳ። ይሄ ደጋን ጫፍና ጫፉ ላይ ካም የሚባሉ መዘውሮች አሉት። አውታሩን ስትስብ መጀመሪያ ይከብድሃል፤ ወደ መጨረሻው ካሞቹ ሲዞሩ ድንገት ይቀልሃል። የኔው ሲሳብ 50 ፓውንድ ነው። ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሲያልቅ ግን 80 በመቶው ሸክም ይጠፋና እጅህ ላይ 10 ፓውንድ ብቻ ይቀራል። ሰው ደግሞ ሸክም ሲቀልለት ይዝናናል። እኔም መለማመጃ ሜዳው ላይ ተዝናናሁ። ግራ ክንዴን እንደ ቧንቧ ገትሬ፣ የደጋኑን እጀታ በሙሉ መዳፌ ጨምድጄ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ለቀቅኩት።

ጯ!

ድምፁ ከደጋኑ የወጣ መስሎኝ ነበር። ከክንዴ ነው። ቀስቱ የት እንደገባ አላየሁም፤ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ብዙዎቹ ኮምፓውንድ ደጋኖች ቀስትን በሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ ነው የሚያስወነጭፉት። ያንን ቀስት የሚገፋ አውታር መንገዱ ላይ ክንድ ሲያገኝ "ይቅርታ፣ አንዴ ልለፍ" አይልም።

አጠገቤ ያለው ወጣት "ደህና ነህ?" አለኝ።

"ምንም አልሆንኩም" አልኩት። ድምፄ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ክንዴ በልዞ መሥሪያ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ለጠየቀኝ ሰው በር ነው አልኩ። ለሁለተኛው ብስክሌት አልኩ። ሦስተኛዋ ሁለቱንም ሰምታ ስለነበር "በሩ ብስክሌት ይነዳል እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመርኩ።

እጅጌው ሐሳብ ሰጠኝ። ለምን ወፍራም ጃኬት ለብሼ አልወረውርም? ይሄ በሕይወቴ ካሰብኳቸው ደደብ ሐሳቦች ግንባር ቀደሙ ነው። ሰፊ እጅጌ አውታሩ መንገድ ላይ ዘሎ ይገባል። አውታሩ እጅጌዬን ጠለፈው፣ ቀስቱ አቅጣጫውን ሳተ። በነገራችን ላይ ኢላማው መሐል ላይ ነው የተሰካው። ኢላማው ግን የጎረቤቴ ነበር።

ቀጥሎ የክንድ መከለያ ገዛሁ። አንድ ሙሉ ቀን በውጭ በኩል አስሬው ዋልኩ። በውስጥ በኩል መሆን እንዳለበት የነገረኝ ያው ወጣት ነው፤ ከጃኬቱ ቀን ጀምሮ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር የሚቆመው። አስተካክዬ አሰርኩት። አውታሩም አስተካክሎ ከመከለያው በላይ፣ ክርኔ አጠገብ አጮለኝ። ጥፊው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

በዚህን ጊዜ ጥፋተኛው ደጋኑ ነው ብዬ ፈረድኩ። አውታሩ ሳይሳብ ወደ እጀታው በጣም የቀረበ ደጋን ክንድ መምታት እንደሚቀናው አንብቤያለሁ። ማስመሪያ ይዤ ለካሁ። 7 ኢንች። ምንም የማይወጣለት ልክ። ደጋኑ በነፃ ተሰናበተ።

በመጨረሻ ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት አሰልጣኝ ከኋላዬ ቆመው አንድ ውርወራ አዩ። አንድ ብቻ።

"ልጄ፣ ልታንቀው ነው ወይስ ልትወረውርበት?"

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው። እጀታው በአውራ ጣቴ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ብቻ እንዲያርፍ አደረጉት፤ የቡጢዬ አጥንቶች ወደ 45 ዲግሪ አዘነበሉ። ደጋን ሲጨመደድ የእጅ አንጓ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ክንድም አብሮ ወደ አውታሩ መንገድ ይገባል።

"ስለቀው ይወድቅብኛል እኮ!"

"ይሄ ማሰሪያ ታዲያ ለምንድን ነው?"

እኔ ግድግዳ ላይ መስቀያ መስሎኝ ነበር። ለካ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ነው።

ከዚያ ክርን መጣ። ክርን ተቆልፎ ወደ ውስጥ ሲያብጥ አውታሩ መንገድ ላይ ጉብታ ይሠራል። ትንሽ ላላ ማለት አለበት። ደግሞም መዳፍ ሳይንቀሳቀስ ክርን ብቻውን ወደ ውጭ መዞር አለበት። መናገሩ ቀላል ነው። ሰውነቴ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም፤ ክርኔን ሳዝዘው ትከሻዬ ይነሳል። መዳፍህን ግድግዳ ላይ አድርገህ ተለማመድ አሉኝ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ስገፋ ከረምኩ። አንድ ቀን አለቃዬ ኮሪደር ላይ ደረሱብኝና ቆም ብለው "ሊወድቅ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳውን ማለታቸው ነው መሰለኝ።

ግድግዳውም ጥፊውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ስመለስ አሰልጣኟ ሁለቱን እጆቼን ግራና ቀኝ አዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ለኩኝ። 170 ሴንቲሜትር፣ ወደ 67 ኢንች። ለ2.5 ሲካፈል 27 ገደማ ይመጣል፤ ለኔ የሚሆነው የመሳቢያ ርዝመት፣ ማለትም አውታሩ እስከ መጨረሻ የሚሳብበት ልክ፣ እሱ ነው። ደጋኑ የተስተካከለው 30 ላይ ነበር። ሦስቱን ትርፍ ኢንች ለመሙላት ነው ለካ ክንዴ የግዱን የሚገተረው።

"ይሄ ደጋን ያንተ አይደለም" አሉ።

"ልክ ነዎት፣ የአጎቴ ልጅ ነው።"

"ረጅም ሰው ነው?"

"ከኔ አጠር ይላል።"

ዝም አሉ። ከዚያ ካሙ ላይ ያለችውን፣ የመሳቢያውን ርዝመት የምትወስነውን ሞጁል የምትባል ቁራጭ በመፍቻ ፈትተው ወደ 27 አዞሯት። ሳብኩ። አውታሩ ጆሮዬን አልፎ መሄዱን ተወ፣ ክርኔም ሳላዝዘው ላላ አለ። ለቀቅኩ። ክንዴን አየሁ። ምንም! ደስታዬን ስላላመንኩት ሌላ ሃያ ቀስት ወረወርኩ።

ባለፈው እሑድ የአጎቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ስለ ክርን፣ ስለ መዳፍ፣ ስለ መሳቢያ ርዝመት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩት። እንዲህ በጥሞና ሲያዳምጠኝ አይቼው አላውቅም።

"ስለዚህ አሁን አይመታም?"

"አይመታም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ይኸው፣ ክንዴን እየው።"

አየው። ከዚያ የራሱን ግራ እጅጌ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ልክ እኔ በተመታሁበት ቦታ ላይ የደበዘዘ፣ ረጅም፣ ቢጫ ምልክት አለ።

"እንግዲያው ደጋኔን መልስልኝ" አለኝ።