ኮሜንቱ «ተቀበል» ሲለኝ፦ ስምንት ወር ከማሲንቆና ከስልክ ጋር

ማሲንቆዬን ይዤ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ የጀመርኩት ጥቅምት ላይ ነው። ማሲንቆ ስጫወት አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ስልክ ፊት መጫወት ግን ሌላ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ብዙዎቻችሁ ድምፃዊ ወይ ተወዛዋዥ ናችሁ። ስህተቴን አይታችሁ ጊዜ ብትቆጥቡ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምጫወትበት አዝማሪ ቤት ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ሄደ። ደንበኞቼ የት እንዳለሁ አያውቁም፣ እኔም አላውቃቸውም። ስንቱን በስሙ አወድሼ ሸልሞኛል፤ የአንዱን ስልክ ቁጥር እንኳ አልያዝኩም! ዓመት ያህል በሰው በሰው እየተጠራሁ ሰርግ ስሠራ ከረምኩና ቲክቶክ ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር። በአዝማሪ ቤት ወግ እጅ ነሳሁ፣ «ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ» አልኩ፣ ጭራውን አጠበቅኩ፣ ቅኝት አስተካከልኩ፣ ከዚያ ጀመርኩ። ቲክቶክ ሰው በአማካይ ስንት ሰከንድ እንዳየ ያሳያል። የእኔ 4 ሰከንድ ይላል። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ሰዉ ሄዷል ማለት ነው። አዝማሪ ቤት ሰላምታ ያልሰጠ አዝማሪ ባለጌ ነው፤ እዚህ ሰላምታ የሰጠ ብቻውን ይቀራል። አሁን ደጋኑ ጭራው ላይ እያለ ነው ቪዲዮው የሚጀምረው።

ድምፁ ብዙ አስለቀሰኝ። ስልኩን ፊቴ ሳስጠጋው የደጋኑ ፍትጊያ ጎልቶ ይሰማል፣ የማሲንቆው ሆድ ድምፅ ግን ይጠፋል። ሳርቀው ደግሞ ክፍሉ ያስተጋባል። ብዙ ከሞከርኩ በኋላ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቄ፣ ደጋን ከምይዝበት እጅ በተቃራኒ በኩል አቆምኩት። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ከካሜራው ጀርባ ያለውን ቤቴን ብታዩ ልብስ ማጠቢያ ይመስላችኋል።

ግጥሙን ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ በእጄ ነው የምጽፈው። ብዙ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ ያያል፤ ጽሑፍ ከሌለው ማሲንቆ የያዘ ሰው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው የሚታየው። ጽሑፉን ከታች አታድርጉት፣ የቲክቶክ መግለጫ ይሸፍነዋል። በቀኝ ዳርም የላይክና የሼር ምልክቶች አሉ። መሀል፣ ከደረት ከፍ ብሎ ጥሩ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ የታወቁ ዘፈኖችን ተጫወትኩ። ጥቂት ላይክ መጣ፣ የጠራኝ ግን የለም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሁለቱ የቅጂ መብት ጥያቄ ተነሳባቸው፤ የሰው ዘፈን ነውና አልፈርድም። አንድ ማታ ተናድጄ ስለራሴ ገጠምኩ፦

ሺህ ሰው አየኝ አሉ ስልኬ ተጨናንቆ፤
እራቱን ሳይበላ አደረ ማሲንቆ።

ጨዋታው የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ኮሜንት ሰጪዎቹ ማድነቅ ትተው ግጥም ይሰጡኝ ጀመር። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ጻፈ። ሌላው መለሰለት። አዝማሪ ቤቴ እኮ ተመልሶ መጣ! ቲክቶክ ለኮሜንት በቪዲዮ መመለስ ያስችላል፤ የሰውየው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይለጠፋል፣ እኔ ተቀብዬ እዘፍናለሁ። ያ ሰው ለጓደኞቹ፣ ለእህቱ፣ ለአለቃው ሳይቀር ይልከዋል። ማስታወቂያውን እሱ ሠራልኝ ማለት ነው።

እስካሁን ብዙ የታየልኝ ዱባይ የምትሠራ እህታችን የሰጠችኝ ነው። አስፈቅጄ ነው የምጠቅሰው፦

እናቴ ጎመኗን ትዘራለች ጓሮ፤
ለካ ልጅነቴን ዱባይ በላው ኖሮ።

ስዘፍነው «ዱባ» ላይ ረገጥ አደርግና «ይ»ን ዘግየት አድርጌ አመጣታለሁ። ጽሑፉንም ሆን ብዬ አልለጠፍኩም። ኮሜንት ላይ ጦርነት ሆነ። «ዱባ ነው ያለው፣ ጎመን አለ አይደል እንዴ?» «ኧረ ዱባይ ነው፣ እንደገና ስማው!» ሰሙን የሰማ ወርቁን ፍለጋ ይመለሳል። ሰው ቪዲዮ ደግሞ ሲያይ ቲክቶክ ለሌላ ሰው ያሳየዋል፤ ሰምና ወርቅ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። እሷ ግን ቪዲዮውን አይታ ማልቀሷን በውስጥ መስመር ስትጽፍልኝ ስለ ቁጥሩ ማውራት አፈርኩ።

ስለ ገንዘቡ ልንገራችሁ። ሥራ የሚያመጣው ብዙ የታየው ቪዲዮ አይደለም። ታኅሣሥ ላይ ሙሽራ እያወደስኩ የለቀቅኩት 6,000 ሰው እንኳ አላየውም፤ ለጥር ግን አራት ሰርግ አመጣልኝ። የጥርን ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ ታኅሣሥ ላይ ነው አዝማሪ የሚፈልገው። ሁዳዴ 55 ቀን ሰርግ የለም። ያን ጊዜ ለፋሲካ ማግስት የሚሆነውን እየቀረጽኩ አስቀምጣለሁ። የልደት ምርቃት በቪዲዮ የሚያዙኝም አሉ። አንዱ ሠርተህ ላክልኝ ብሎ፣ ከላክሁለት በኋላ ብሎክ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ቴሌብር ካልጮኸ ደጋን አላነሳም።

ተከታይ በአንድ ቤት ብቻ አታከማቹ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን እንዳልሠሩ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ሥራ ያዘዘኝን ሰው ሁሉ ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ካዛንቺስ ላይ ያላደረግሁት እሱን ነበር።

አሁን ላይቭ ጀምሬያለሁ፤ ቀጥታ ሲሆን «ተቀበል» ይበልጥ ይደምቃል። ችግሩ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሲጀምር የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ በየሦስት ግጥሙ ቅኝት ማስተካከል ነው፣ ሰዉም እስከዚያ ይበተናል። ከሰል አጠገብ ላሞቀው ስል ጭሱ ካሜራ ውስጥ ገባና «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» የሚል ኮሜንት ወረደብኝ። በክረምት ላይቭ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ቆዳውን በምን እንደምታደርቁት ንገሩኝ።