የድለላ ፈቃድ ልታወጡ ከሆነ ከቢሮው ጀምሩ

መጀመሪያ ቢሮ ፈልጉ። ቲኑን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን) ተዉት፣ የንግድ ስሙን ተዉት፣ በየአገልግሎት መስጫው ግድግዳ ላይ «መሟላት ያለባቸው ቅድመ ሁኔታዎች» ተብሎ የተለጠፈውን ወረቀትም ለጊዜው ተዉት። ወረቀቱ የኪራይ ውሉን ከታች፣ ከጉርድ ፎቶግራፉ ቀጥሎ ስለሚያስቀምጠው ሰው ሁሉ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ይመስለዋል። ያን ቅደም ተከተል ያወጣው ሰው እኔ በምሠራበት በአዲስ አበባ ጫፍ፣ ከአያት ወዲያ ቤት ተከራይቶ እንደማያውቅ እምላለሁ።

«ደላላ ደግሞ የምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?» ያላለኝ ዘመድ የለም። መልሴ አጭር ነው፤ ገንዘብ። ቤት መሸጥ የጀመርኩት ለአንድ የሪል እስቴት ድርጅት በኮሚሽን ነው። ደንበኛ አመጣለሁ፣ ቤቱን አስጎበኛለሁ፣ ውል ሲፈረም ድርሻዬን እቀበላለሁ። ደህና የሚባለው የመጀመሪያ ክፍያዬ ሲደርስ 30 በመቶው ተቆርጦ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቲንና ንግድ ፈቃድ ካላቀረበ ሰው የሚቀነሰው ይህን ያህል መሆኑን ነገረችኝ። እውነቷን ነበር። ፈቃድ ካለው ላይ የሚቀነሰው በጣም ጥቂት ነው፤ እሱም ዓመቱ ሲዘጋ ከሚከፈለው ግብር ይታሰባል። በ2013 በአዲስ የተተካው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ጭምር ደላላን ከነጋዴ ይቆጥረው ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ የጸና ንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል። አስፋልት ዳር ቆመው ቤት የሚያሻሽጡትን ግን ማንም ምንም ሲላቸው አላየሁም። የሚጠየቀው ፈቃድ ልውሰድ ብሎ የሄደ ሰው ነው።

ቀላሉን በአንድ ትንፋሽ ልንገራችሁ። ፋይዳ መታወቂያ ካላችሁ አሻራ ሰጥታችሁ ቲን ታገኛላችሁ። የንግድ ምዝገባውና የፈቃዱ ማመልከቻ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ክፍያው ከታክሲና ከፎቶ ኮፒ ወጪያችሁ አይበልጥም። የንግድ ዘርፉን ስትመርጡ የምትሠሩትን በትክክል የሚገልጸውን ምረጡ፣ ኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው። ፈተና የሚባል ነገር አልገጠመኝም። ስለ ቤት፣ ስለ ካርታ፣ ስለ ውል አንዲት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አሁን ወደ ቢሮው።

ለፈቃዱ የሚጠየቀው የተረጋገጠ የኪራይ ውል ነው። ውሉን ለማረጋገጥ አከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይዞ መቅረብ አለበት። ከተማ መሀል ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። እኛ ጫፍ ላይ ግን ቤቱ አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ ውኃው አለ፣ ካርታው የለም። መጀመሪያ ያገኘኋት ክፍል ለመንገድ የቀረበች፣ ንጹሕ፣ ዋጋዋም ለአቅሜ የሚስማማ ነበረች። ባለቤቱ ከገበሬ ላይ በውል የገዙበትን፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣ የሽማግሌዎች ፊርማ ያለበት ወረቀት በኩራት አወጡልኝ። «የመብራቱ ቆጣሪ በእኔ ስም ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በዚያ ወረቀት የተረጋገጠ ውል አይገኝም።

ቀጥሎ ያገኘሁት ቤት ካርታ ነበረው። አከራይዋ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ካርታውን ከቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። በሟቹ ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጥቷል፤ በላዩ ላይ ግን ልጆቹም አሉ። አንደኛው ጅዳ ነው፣ አንዷ እዚሁ ባሏ ቤት ናት። ሁሉም መፈረም ወይም ውክልና መስጠት አለባቸው። የጅዳው ልጅ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ቆንስላ ሄደ፣ ውክልናውን ላከ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ በኩል ተረጋገጠ። የቸገረችን እዚሁ ያለችው ናት። «ደላላ ናት አይደል? ነገ ቤቱን በስሟ ብታዞረውስ?» ብላ ለእናቷ መናገሯን ሰማሁ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ይህ ሰፈር በውክልና ስንት ቤት ሲሸጥበት የኖረ መሆኑን ስለማውቅ ልፈርድባት አልቻልኩም። ውሉን ለወንድሟ ልጅ፣ ለሕግ ተማሪው፣ አሳየችውና እሱ መስመር በመስመር አንብቦላት ፈረመች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ውሉ ማኅተም ተመታበት፤ እኔም የቅድሚያ ኪራይ ከፍዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ዘንድ ፋይሌን ይዤ ቀረብኩ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ እህቴ ነው የሚለኝ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገልብጦ ካርታው ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን አንዲት መስመር ላይ አሳረፈ። «የይዞታው አገልግሎት፦ መኖሪያ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እህቴ፣ መኖሪያ ነው የሚለው። ለንግድ አይሆንም።»

በመስኮቱ በኩል ፋርማሲው ይታየኛል። ከጎኑ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ፣ ከሱ ቀጥሎ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር። ሁሉም በመኖሪያ ግቢ አጥር ላይ የተከፈቱ ሱቆች ናቸው፤ ሁሉም ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። እነሱስ አልኩት። «እነሱ ቀደም ብለው ያወጡ ናቸው» አለኝ። የትኛው መመሪያ ነው የሚለየን? «መመሪያው አለ።» ይታየኝ? «ኃላፊው ዘንድ ነው።» ኃላፊውስ? «ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያ ሥልጠና ገቡ። አንዲት ሠራተኛ አዘነችልኝና «ከባለይዞታዎቹ የስምምነት ደብዳቤ አምጪ» አለችኝ፤ ስንት መከራ ያየሁበትን ቤተሰብ እንደገና ሰብስቤ አመጣሁ። ደብዳቤውን ያየው ሌላው ባለሙያ ሳቀ፤ ደብዳቤ የካርታን አገልግሎት አይቀይርም አለ። እሱም ልክ ነው። ታዲያ ያችኛዋ ለምን አስመጣችኝ? ኪራዩ በዚህ ሁሉ መሀል ይቆጥራል። እትዬም ይህን ሲሰሙ ግማሹን ልመልስልሽ አሉኝ፤ እንቢ አልኩ፣ ጥፋቱ የሳቸው አይደለም።

በዚህ ጊዜ ነው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የሚሠራ ምክር የሰጠኝ። በቃል መጠየቅ አቁሚ፣ ጻፊ አለኝ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። ፈቃዱ የተከለከለበት መመሪያና አንቀጽ ተጠቅሶ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ፣ ግልባጩን ለበላይ አካል አደረግኩ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ቁጥሩንና ማኅተሙን በራሴ ቅጂ ላይ አስመታሁ። መልስ በጽሑፍ አልመጣም። ማመልከቻዬ ግን ከኃላፊው ጠረጴዛ ተመልሶ ወረደ፤ ኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ ብዕር «ይስተናገዱ» ተብሎ ተጽፎበታል። ምክንያት የለም፣ አንቀጽ የለም። ያ ወጣት ባለሙያ ያቺን ቃል አየና ፋይሌን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለኝ።

ሰው ደስ ሊለው ይገባል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የሚከለከል ከነበረ በአንዲት ብዕር ጭረት እንዴት ተፈቀደ? የሚፈቀድ ከነበረ ያን ሁሉ ኪራይ ለባዶ ክፍል የከፈልኩት ለምንድን ነው? ሁለቱንም የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

የቦታ ማጣራቱ ደግሞ ለብቻው ቀልድ ነው። ሊያጣራ የመጣው ሰው ታፔላ የታለ አለኝ። ታፔላ ለመስቀል ንግድ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፈቃዱን ደግሞ አንተ ካላጣራህ አይሰጡኝም አልኩት። ትንሽ አሰበና በወረቀት አትመሽ በሩ ላይ ለጥፊው አለኝ። ከአጠገቡ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ አሳትሜ ለጠፍኩ፤ በስልኩ ፎቶ አነሣው፤ ሄደ። ፈቃዱ ወጣ።

ከዚህ የተረፈኝን በራሴ ልክ እነግራችኋለሁ፣ ባለሥልጣኑ የሚላችሁ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤት ስታዩ ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ካርታውን እዩ፤ በማን ስም ነው፣ አገልግሎቱ ምን ይላል፣ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ዕዳ ወይም ዕገዳ አለበት ወይ። አቅም ካላችሁ የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የንግድ ሱቅ ተከራዩ። ኪራዩ ይከብዳል፤ ለንግድ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ግን «መኖሪያ ነው» የሚላችሁ የለም። የኪራይ ውላችሁ ውስጥ፣ ፈቃዱ በቤቱ ሰነድ ምክንያት ከተከለከለ የቅድሚያ ክፍያው ይመለሳል የሚል አንቀጽ አስገቡ። አከራዮች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ ግን ይፈርማሉ። ጉዳይ አስፈጻሚ አትቅጠሩ። ሦስት ሰዎች «እኛ እንጨርስልሻለን» ብለውኝ ነበር፤ የሚጨርሱት እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፣ ነገሩ ሲበላሽ ስሙ የሚነሣው የእናንተ ነው።

ሌላም አለ። እኛ የምንሠራው ድንበር ላይ ነው። ከመንገዱ ወዲህ አዲስ አበባ፣ ወዲያ በ2015 የተመሠረተው ሸገር ከተማ ነው። ለገጣፎ ያለ ቤት ስታሻሽጡ ካርታው የሚወጣው፣ ስሙ የሚዞረው፣ ውሉ የሚረጋገጠው በኦሮሚያ በኩል ነው፣ ሰነዱም በአፋን ኦሮሞ ነው። ደንበኞቻችሁ በብዛት ወደዚያ የሚያዩ ከሆነ ቢሮውንም ወደዚያ አድርጉት፤ ቋንቋውን የሚያነብ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። እኔ አነባለሁ፤ ብዙ ሥራ ያገኘሁትም በዚህ ነው።

ፈቃዱ ከወጣ ወዲህ «ፈቃድ አለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ገዢ እንደሌለ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? የሚጠይቁኝ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በደረሰኝ ይከፍላሉ፣ 30 በመቶውም ቀርቷል። ግለሰቦች ዘንድ አሁንም በልማድ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ ነው፣ እሱንም ውሉ እስኪፈረም እንከፍላለን ብለው ይምላሉ፣ ከተፈረመ በኋላ ስልክ አያነሱም። ስለዚህ ቤት ከማሳየቴ በፊት አጭር የኮሚሽን ስምምነት አስፈርማለሁ። አስፋልት ዳር ያሉት ወንድሞቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን አምስት ዓመት ያልሞላውን ኮንዶሚኒየም አላሻሽጥም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 ለገዢ ሳልነግር ቀብድ አላስከፍልም። በዚህ የጠፋብኝ ሥራ አለ፣ አልጸጸትበትም። እኔ ያሻሻጥኩት ቤት እስካሁን ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ ይህን ስል እኮራለሁ።

ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30። ታኅሣሥን አትጠብቁ፣ ሰልፉ አይገፋም። ለማደስ ስሄድ የኪራይ ውሌ ሊያልቅ መሆኑን አየሁ። እትዬ ታመው ስለነበር ያናገረችኝ ያቺው ተጠራጣሪ ልጃቸው ናት፤ ኪራዩን ከፍ አድርጋ ጠራችው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ጭማሪን ይገድባል ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ እሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ነው፣ ለሱቅና ለቢሮ አይሠራም። እሷም ይህን ታውቃለች፣ የወንድሟን ልጅ ጠይቃለች። ሌላ ቤት ልፈልግ ብል የአድራሻ ለውጥ ማመልከቻ፣ አዲስ የተረጋገጠ ውል፣ እንደገና ማጣራት ነው። የጠራችውን ከፈልኩ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውል አጭር አታድርጉት፤ የጭማሪውንም ልክ ገና ስትፈራረሙ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስገቡ።