ሁለት ነጭ መርጫዎች

ቨርጂኒያ ውስጥ የሣር እንክብካቤ ሥራ የጀመርኩበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሚያዝያ ሲገባ ግቢው ሁሉ ቢጫ በቢጫ ሆነ። እኔማ አደይ አበባ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈረንጅ ይህን አበባ ለማጥፋት ገንዘብ እንደሚከፍል የገባኝ ኋላ ነው። ስሙ ዳንደላይን ይባላል።

የቡድናችን አለቃ ጎጃም ገበሬ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሥራውን ያስረዱኝ በጤፍ ነው። "አገር ቤት ጤፍ ላይ ቱ-ፎር-ዲ ሲረጭ አላየህም? ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፣ ጤፉን አይነካም። ጤፍ ራሱ የሣር ወገን ነዋ! እዚህም ያው ነው።" ለምስክር ወረቀቱ ስፈተን ካነበብኩት ሁሉ የገባኝ ይህ ነው።

መኪናችን ላይ በጀርባ የሚታዘሉ ሁለት መርጫዎች አሉ። ሁለቱም ነጭ። በአንዱ ቱ-ፎር-ዲ ያለበት የሣር ውስጥ አረም ማጥፊያ አለ። በሌላው ግላይፎሴት፣ ብዙ ሰው ራውንድአፕ ብሎ የሚያውቀው። እሱ ዘር አይለይም፤ ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ይገድላል። የምንጠቀምበት በሲሚንቶ ስንጥቅ መሃል ለሚበቅለው ነው። በማርከር የተጻፈባቸውን ፀሐይ አጥፍቶታል። ጋሼ "የሣሩ በቀኝ በኩል ያለው ነው" ብለውኛል፣ እኔም እሱን ይዤ ሄድኩ። ጠዋት መኪናው ሲጸዳ ቦታ መቀያየራቸውን ማን ነግሮኝ?

ግቢው የአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነው። አበባ እየፈለግኩ አንድ በአንድ ረጨሁ። አንድም አላመለጠኝም። በራሴ ኮርቼ ነው የወጣሁት።

በሦስተኛው ቀን በዚያ በኩል ሳልፍ አየት አደረግኩት። ቱ-ፎር-ዲ የነካው ዳንደላይን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠማዘዛል፤ አንገቱ እንደ ፍየል ቀንድ ይቆለመማል። ምንም የተጠማዘዘ የለም። "ብርዱ ይሆናል" ብዬ አለፍኩ። እዚያ ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

በ12ኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ከጋሼ ጋር ስንደርስ ክው አልኩ። ግቢው የነብር ቆዳ መስሏል። ሰሃን ሰሃን የሚያህል ቡናማ ክብ፣ መሃሉ ላይ የሞተ ዳንደላይን፣ ዙሪያውን የሞተ ሣር። ቆጠርኩት፣ 61። ሴትዮዋ አልጮሁም። "ቢጫው ይሻለኝ ነበር" ብቻ አሉ። ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር።

ጋሼ ወደ መኪናው ወስደው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ቱ-ፎር-ዲ ክዳኑን ስትከፍተው አፍንጫህን ይመታሃል። የዚያን ቀን ሸተተህ?"

አልሸተተኝም። ከነጭራሹ ክዳኑንም አልከፈትኩም።

እኔ ስለ ሞተው ሣር ነበር የምጨነቀው። እሳቸው የተጨነቁት ስለ ባዶው መሬት ነው። የዳንደላይን ፍሬ ጃንጥላ ይዞ በነፋስ ይመጣል፤ የሚፈልገው ብርሃን የሚያገኝ የተራቆተ አፈር ነው። እኔ ደግሞ 61 መደብ አዘጋጅቼለታለሁ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ ቢወድቅ ጥላው ያንቀዋል። ለዚህ ነው ሣር በጣም አጥሮ መታጨድ የለበትም የሚባለው። ሴትዮዋ ግን ለዓመታት እንደ ወታደር ጭንቅላት ሲያስላጩት ኖረዋል። ዳንደላይኑ መጀመሪያ የገባውም በዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ትክክለኛውን መርጫ ይዤ ብሄድም በዓመቱ ይመለስ ነበር።

ግላይፎሴት አፈር ላይ ሲያርፍ ስለሚያዝ ቶሎ መዝራት ይቻላል። ነገር ግን እዚያ አካባቢ የሚዘራው ፌስኪዩ የሚባለው ሣር ነው፤ በግንቦት ቢዘራ ሥሩ ሳይጠልቅ የበጋው ሙቀት ይደርስበታል። ስለዚህ እስከ መስከረም ጠበቅን። በጋውን ሙሉ በዚያ ግቢ ፊት ለፊት ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አቀረቅር ነበር። በመስከረም አፈሩን ጥርስ ባለው መጫሪያ ጫር ጫር አድርጌ ዘራሁ። ወጪውን ድርጅቱ ቻለ። የግላይፎሴቱን መርጫ ከላይ እስከ ታች በቀይ ፕላስተር ጠቀለልኩት።

ለዳንደላይን መርጨትም ደህናው ጊዜ ያው መስከረምና ጥቅምት ነው። ለብርዱ ወራት ምግቡን ወደ ሥሩ ሲያወርድ መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል። ይህንን ለሴትዮዋ ሳስረዳ እጃቸውን አወራጩ። "ከእንግዲህ መርጫ ግቢዬ አይገባም።"

በቀጣዩ ሚያዝያ ሣር ላጭድ ስሄድ፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አፈሩ ለስልሷል። ሴትዮዋ ጫፉ ሹካ የመሰለ ረጅም መንቀያ ይዘው ተንበርክከዋል። አምስት ብቻ ነው የበቀለው አሉኝ። ሥሩ መሃል ላይ ከተበጠሰ ከቀረው ቁራጭ ተመልሶ ይበቅላል፣ ይህን ከእኔ ሰምተዋል። አንዱን አንስተው ክንዳቸው ላይ አጋደሙት። እንደ ካሮት ሆኖ ወደ ታች የቀጠነ፣ ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጫፉን በጣታቸው ይዘው አሳዩኝ፤ አልተበጠሰም።