ቦርዱ የማያነበውን ፋይል ሦስት ሳምንት ሳስተካክል

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ብዬ ነው። ቦርድ የምለው የማሽን መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። "መጀመሪያ ቦርዱ የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ አረጋግጥ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር። ሦስት ሳምንቴ አይባክንም ነበር፣ የሰው እንቁላልም አይበላሽም ነበር።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ብሎ አንዲት እናት ጫጩት እያስፈለፈሉ ይሸጣሉ። ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የማስፈልፈያ ማሽናቸውን መቆጣጠሪያ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ውስጡ ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራበት ትንሽ ቦርድ አለ፣ ቺፑ ኦልዊነር ኤች3 ነው። ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ ይይዛል፣ እንቁላሉን ያገላብጣል፣ ቀን ይቆጥራል። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈጃል። 18ኛው ቀን ላይ ማገላበጡ መቆም አለበት፣ ጫጩቱ ለመውጣት አቀማመጡን የሚይዘው ያኔ ነው።

ችግሩ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩ እስኪቀበል ቦርዱ ይጠፋል። ተመልሶ ሲነሳ ኢንተርኔት ካላገኘ ቀኑን አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይጀምራል፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው። የቀን ቆጠራው እዚያው ይፈርሳል።

መፍትሔው የራሱ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕ ነው። ዲኤስ3231 መረጥኩ። የሙቀት ለውጥን ራሱ ስለሚያስተካክል ሰዓቱ ብዙ አይዛነፍም፣ ከቦርዱ ጋር አይቱሲ በሚባል፣ ቺፖች በሚነጋገሩበት ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ይገናኛል። ሽቦውን አሰርኩ፣ ኤሌክትሪክ ሰጠሁ፣ እዚህ ድረስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

አሁን ለከርነሉ፣ ማለትም ለሊኑክስ እምብርት፣ "እዚህ ጋ ሰዓት አለ" ብሎ መንገር ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ዩኤስቢ ስትሰኩ ዕቃው ራሱ ማን እንደሆነ ይናገራል። አይቱሲ ላይ ያለ ቺፕ ግን ስሙን አይናገርም፣ አድራሻው ሲጠራ ብቻ ነው አቤት የሚለው። ስለዚህ ዲቫይስ ትሪ በሚባል ፋይል ላይ የትኛው መስመር ላይ፣ በየትኛው አድራሻ፣ ምን ዓይነት ቺፕ እንዳለ እንጽፋለን። ጽሑፉ ኮምፓይል ይደረጋል (ማሽኑ ወደሚያነበው መልክ ይቀየራል)፣ ቦርዱ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩ፣ ከከርነሉ ጋር ወደ ሜሞሪ ይጭነዋል፣ ከርነሉም አንብቦ ድራይቨሩን (ቺፑን የሚያሠራውን ኮድ) ይጠራል። ድሮ በኤአርኤም ዓለም (የእኔ ቦርድ ቺፕም ከዚያ ቤተሰብ ነው) ይሄ ሁሉ ለየቦርዱ በሲ ኮድ ከርነሉ ውስጥ ነበር የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በኮዱ ብዛት ተማሮ ከተቆጣ በኋላ ነው ኤአርኤም በጅምላ ወደ ዲቫይስ ትሪ የዞረው። ጥሩ አደረገ፣ ሐሳቡን እወደዋለሁ።

የጻፍኩት አምስት መስመር አይሞላም። ሰዓቱ የታሰረበትን መስመር፣ የአይቱሲ ዜሮን፣ ስታተስ ከ"ዲሴብልድ" ወደ "ኦኬይ" መቀየር፣ ሥሩ የሰዓቱን ስም ማስገባት፣ ኮምፓቲብል የሚለው ላይ የአምራቹንና የቺፑን ስም መጻፍ፣ አድራሻው ላይ በሄክሳዴሲማል 68 ማስፈር። አድራሻው ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ጽሑፍ የማንበቢያና የመጻፊያዋን ቢት ደምሮ ዲ0 ይላችኋል። ከርነሉ የሚፈልገው ባለ 7 ቢቱን ነው፣ 68ን።

ቦርዱን የሸጠልን ድርጅት መመሪያ "ኮምፓይል ያደረጋችሁትን ፋይል ሜሞሪ ካርዱ ላይ ቡት የሚለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና ሪስታርት አድርጉ" ይላል። እንደተባለው አደረግኩ። ምንም የለም። የከርነሉ መልእክት ውስጥ ስለ ሰዓት አንድ ቃል የለም። ስህተት እንኳን የለም።

ስህተት ቢያሳየኝ በዚያው እሄድበት ነበር። ዝም ሲል ግን ሰው ሁሉንም ነገር ይጠረጥራል። መጀመሪያ ብየዳዬን ጠረጠርኩ፣ ፈትቼ እንደገና በየድኩ። ከዚያ ቺፑ ፎርጅድ ነው አልኩና ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሌላ እስኪያመጣልኝ ስምንት ቀን ጠበቅኩ። እሱም ዝም። ከዚያ ድራይቨሩን ጠረጠርኩ። የዲኤስ3231 ድራይቨር በዲኤስ1307 ስም ነው ያለው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ሲፈልገው ያጣዋል። እኔም አላበራሁት ይሆናል ብዬ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ። የወሰደብኝ አንድ ሙሉ ሌሊት ነው፣ መሀል ላይ መብራት ሄዶ ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር እየተሽቀዳደምኩ። አዲሱን ከርነል ካርዱ ላይ አደረግኩ፣ ቦርዱ በአዲሱ ከርነል ተነሳ። የቨርዥኑ ቀን ተቀይሯል። ሰዓቱ ግን የለም።

የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ከርነሉ ሲቀየር ስላየሁ፣ ካርዱ ላይ ያስቀመጥኩት ሁሉ እየተነበበ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያንን ድምዳሜ ሁለተኛ ዞሬ አላየሁትም።

ለሻጩ ድርጅት ጻፍኩ። ከአራት ቀን በኋላ "እባክዎ መመሪያውን ይከተሉ" የሚል መልስ መጣ። መመሪያውን መስመር በመስመር እንደተከተልኩ ፎቶ አንስቼ መልሼ ላክሁ። ያው መልስ፣ በሌላ ሰው ስም። እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ስህተቱ መመሪያው ውስጥ ነበር።

በዚህ መሀል እትዬ ሦስት መቶ እንቁላል አስገብተው ነበር። "ይደርሳል ወይ ልጄ?" ብለው ሲጠይቁኝ "በዚህ ሳምንት ይደርሳል" ብያቸዋለሁ። 19ኛው ቀን ላይ ማታ መብራት ሄደ፣ ኔትወርክም አብሮ ሄደ። ማሽኑ ቀኑን ከአንድ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጥ አደረ፣ እርጥበቱንም ወደ መጀመሪያው ቀን መለሰው። ግማሹ እንኳን በደንብ አልወጣም። እትዬ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መቆጣጠሪያውን በሰዓቱ ማድረስ ካልቻልኩ፣ እንቁላሉን አታስገቡ ማለት ነበረብኝ።

በማግስቱ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መጣ፣ ገና ተማሪ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ "ቦርዱ ያንተን ፋይል እንደሚያነብ በምን አወቅክ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዲቫይስ ትሪው አናት ላይ ሞዴል የሚል መስመር አለ፣ የቦርዱ ስም የሚጻፍበት። ስሙን አጥፍቼ "ቱሉ ዲምቱ" ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩ፣ ኮምፓይል፣ ሪስታርት። ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ ፕሮክ ሥር ዲቫይስ ትሪ በሚለው ፎልደር ውስጥ ሞዴል የሚለውን ከፍቼ አነበብኩ። የድሮው ስም ነው። ሦስት ሳምንት ያስተካከልኩትን ፋይል ቦርዱ አንድ ቀንም አንብቦት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ቦርዱ ሲነሳ የሚጽፈውን ላፕቶፕ ላይ የሚያሳይ ባለ 3.3 ቮልት ሲሪያል ኬብል ሰካሁ፣ ፍጥነቱን 115200 አደረግኩ፣ ቡትሎደሩ፣ ዩቡት፣ ሊኑክስን ከማንሳቱ በፊት ሲቆጥር ቁልፍ ተጭኜ አቆምኩት፣ ምን ከየት እንደሚያነሳ የያዘባቸውን ቅንብሮች ስክሪን ላይ አወጣሁ። ከርነሉን ከሜሞሪ ካርዱ ያነሳል። ዲቫይስ ትሪውን ግን ቦርዱ ላይ ከተበየደው ማከማቻ ቺፕ፣ ከኢኤምኤምሲ ውስጥ፣ በሌላ ስም ከተቀመጠ ፋይል ነው የሚያነሳው። ፋብሪካ ላይ እንደዚያ ተቀምጦ ቀርቷል። መንገዱን ቀየርኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ሪስታርት። ሞዴሉ "ቱሉ ዲምቱ" አለ። ሰዓቱም ተነሳ። የአይቱሲ አድራሻዎችን በሚፈትሸው ትዕዛዝ ሳየው 68 ቁጥር ቦታ ላይ ሁለት ዩ ተጽፏል፣ ድራይቨሩ ይዞታል ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከመመሪያዎቹ ይለያል። "መጀመሪያ የቺፑን መግለጫ ጻፉ" ይላሉ፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሞዴሉን ቀይሩ እላለሁ። የልጃችሁን ስም ጻፉበት፣ ሪስታርት አድርጉና እዩት፣ ስሙ ካልመጣ ሌላ ምንም አትንኩ። ሲሪያል ኬብሉን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሰኩት። እኔ ስንፍና ይዞኝ መሳቢያ ውስጥ ነበር የተውኩት። የሚሠራው ከርነል የያዘውን ዲቫይስ ትሪ በሙሉ ዲቲሲ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ መልሳችሁ ማንበብም ትችላላችሁ። የጻፋችሁትንና እሱ የያዘውን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

አንድ የረሳሁት፦ ገበያ ላይ የሚገኙት ርካሾቹ የዲኤስ3231 ሞጁሎች ብዙዎቹ ባትሪ የሚሞላ መስመር አላቸው። ሲአር2032 ባትሪ ደግሞ የሚሞላ ዓይነት አይደለም፣ ሲሞላ አደገኛ ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለችውን ትንሽ ሬዚስተር ንቀሏት።

ማሽኑ ክዳን ውስጥ አሁን ወረቀት ለጥፌያለሁ። ቦርዱ የሚያነበው ፋይል ስም፣ የት እንዳለ፣ መጨረሻ የተቀየረበት ቀን ተጽፎበታል። ሐሙስ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ እትዬ ራሳቸው ደወሉልኝ። "አሥራ ስድስት ይላል ልጄ፣ ልክ ነው?" አሉኝ። ልክ ነበር።