ድዴ ሲደማ መቦረሽ አቆምኩ

ከታችኛው የፊት ጥርሴ አንዱ የለም። ቦታው ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ነው። ለሚያየኝ ሰው አይለይም። እኔ ግን ምላሴ በነካው ቁጥር እናደዳለሁ። ይህን የምጽፈው ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ደም አይቶ፣ አፉን አጥቦ ወደ ሥራው ለሚሄድ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። ስቦርሽ የምተፋው አረፋ ቀላ ማለት ጀመረ። ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ስናገር ባለሙያዋ ከካርዱ ቀና እንኳ አላለችም። «የእርግዝና ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» አለችኝ። ግማሹ እውነት ነው። በእርግዝና ሆርሞን ስለሚለዋወጥ ድድ በቀላሉ ይቆጣል። ያልነገረችኝ ሌላው ግማሽ ግን ዋናው ነበር። ድዱን የሚያስቆጣው ጥርስና ድድ መገናኛ ላይ የተጣበቀው ቆሻሻ ነው። ሆርሞኑ ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አያመጣውም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጥርሷን መታጠብ ትችላለች፤ ለሕፃኑም አያሰጋም። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እማዬ በበኩሏ ከልቧ መከረችኝ። እሷ ድዷን የተነቀሰች ናት። በልጅነቷ ንቅሳት ለውበትም ለድድ መድኃኒትም ነበር። «ድድሽ ቆስሏል፤ እስኪሽር አትንኪው፤ በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ» አለችኝ። ልክ መሰለኝ። እጄ ላይ ቁስል ቢኖር ማን ይፈገፍገዋል? ስለዚህ የሚደማውን ቦታ እየዘለልኩ መቦረሽ ጀመርኩ። ያ ቦታ የታችኛው የፊት ጥርሴ ነበር።

ከዚያ በላይ የከፋ ቦታ መምረጥ አልችልም ነበር። ከምላስ ሥር የምራቅ ቱቦዎች የሚከፈቱት እዚያው ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን ያልተነሳውን ቆሻሻ በቀናት ውስጥ ያጠጥረዋል። ከጠጠረ በኋላ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። በጠጠረው ላይ ሌላ ቆሻሻ ይጣበቃል፣ ወደ ድዱ ሥር ይወርዳል፤ ድዱም ከጥርሱ እየለቀቀ ይሸሻል። የሚደማ ድድ ሲቦረሽ የሚደማው ብሩሹ ስላቆሰለው ሳይሆን ቀድሞ ስለተቆጣ ነው። ለስለስ ባለ ብሩሽ፣ በደንብ፣ የሚደማውን ቦታ ጨምሮ ሲቦረሽ በሽታው ገና ከጀመረ በሳምንት በሁለት ሳምንት መድማቱ ይቀንሳል። እኔ ተቃራኒውን አደረግኩ።

ወለድኩ። መድማቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ጥርሴን ልታጠብ ብዬ ነበር። መሥሪያ ቤት ያሉ ጓደኞቼ «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል፤ አንዴ ከጀመርሽ ማቆሚያ የለውም» ሲሉኝ ተውኩት። በ2014 አንድ ቀን ቆሎ ስበላ ጥርሴ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። አላመመኝም። አለማመሙ ነው ያዘናጋኝ። የድድ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ነው አጥንት የሚጨርሰው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ቀን ልምጣ።

ቤቴ አጠገብ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሐኪሙ በመስታወት አየ፣ ጥርሴን በጣቱ ወዘወዘው። «ይሄ አልቆለታል፤ ይነቀል» አለ። «ሌላ መፍትሔ የለውም ዶክተር?» አልኩት። «አጥንቱ አልቋል» አለኝ። ራጅ አላነሳም። ምንም አልለካም። አጥንቱ ማለቁን በጣት ወዝውዞ እንዴት እንዳወቀ ያኔ አልጠየቅኩም። ነጭ ጋዋን ለብሶ በእርግጠኝነት ሲናገር አመንኩት። «ቤት ሄጄ ላስብበት» ማለት እችል ነበር። እሺ አልኩ።

ማደንዘዣ ወጋኝ። ጥርሱ ብዙም ሳያስቸግር ወጣ። ጥጥ አስነከሰኝና «ግማሽ ሰዓት ያዢው» አለኝ። በሩ ላይ ሌላ ሰው ስሙ እየተጠራ ነበር። ጠቅላላው ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ጥርሱ ለምን እንደተነቃነቀ አልነገረኝም። የቀሩትን አላያቸውም። ወደ ቤት ስሄድ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቤት ደርሼ መስታወት ሳይ አለቀስኩ።

ከአራት ወር በኋላ ጎኑ ያለው ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። በሽታው የአንድ ጥርስ እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ክሊኒክ ራቅ ይላል፤ በሁለት ታክሲ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ አፌን ሳታይ በፊት ጠየቀችኝ። ስኳር አለብሽ? ታጨሻለሽ? ከቤተሰብ ጥርሱ በጊዜ የወለቀ አለ? ከዚያ ጫፉ ላይ መስመር ያለበት ቀጭን ብረት በጥርሴና በድዴ መሃል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፣ ረዳቷ ይጽፋል። «ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት…» ቁጥሩ በጥርሱና በድዱ መሃል ያለው ጥልቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። እስከ 3 ጤነኛ ነው። ከ4 ጀምሮ ድዱ ከጥርሱ መላቀቅ ጀምሯል፤ 6 እና ከዚያ በላይ ጥልቅ ኪስ፣ ማለትም ድዱ ከጥርሱ የለቀቀበት ጥልቅ ክፍተት ነው። ከዚያ ራጅ አነሳች። ስለተነቀለው ጥርስ ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየች። «ስላላየሁት ምንም ማለት አልችልም። ይሄኛው ግን ይተርፋል» አለችኝ።

በአራት ቀጠሮ፣ በማደንዘዣ፣ ከድድ ሥር ያለው ሁሉ ተጸዳ። ከሦስት ወር በኋላ ስትለካ ሰባት የነበረው አራት ሆነ። የጠፋው አጥንት አልተመለሰም። ጥርሱ ግን እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ነው፣ ቆሎም ይሰብርልኛል።

ሰዎች አሁን እኔን ይጠይቁኛል። ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ወይ? አያነቃንቅም። የጠጠረው ቆሻሻ ክፍተቱን እንደ ጭቃ ደፍኖት ስለቆየ ሲነሳ ቀድሞውኑ የነበረው መነቃነቅ ይታያል። ድዱም እብጠቱ ሲወርድ በጥርሶች መሃል ክፍተት ይወጣል። ቀዝቃዛ ውሃም ለሳምንታት ያንዘረዝራል። ይህን ቀድመው ቢነግሯችሁ አትደነግጡም።

«በየስድስት ወሩ ታጠቡ» የሚለው የክሊኒክ ግድግዳ ላይ ያለ ምክር ለሁሉም የሚሆን አይመስለኝም። ድዱ አንዴ ለታመመ ሰው ስድስት ወር ሩቅ ነው። እኔ በየሦስት ወሩ እሄዳለሁ። ድዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙን «የእኔ ስንት ነው?» በሉት። መፋቂያ እወዳለሁ፣ አልተውኩትም፤ በጥርስ መሃል ግን አይገባም። ለእሱ ማታ ማታ ትንሿን የጥርስ መሃል ብሩሽ እጠቀማለሁ። የጨው ውሃ ያስታግሳል፣ ቆሻሻ ግን አያነሳም። ወንድሜ ያጨሳል፤ «የእኔ ድድ አይደማም» ይላል። ሲጋራ የድድን የደም ሥር ስለሚያጠብ በሽታው ሳይደማ ይብላላል። ለእሱ ከእኔ በላይ እፈራለታለሁ።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙልኝ፦ ድዳችሁ ሳይለካና ራጅ ሳይነሳ «ይነቀል» ከተባላችሁ ከወንበሩ ተነሱ።

ባለፈው ወር እማዬን ወሰድኳት። ስኳር አለባት። ስኳር ድድን ይጎዳል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። የስኳር ክትትሏን ለዓመታት አላቋረጠችም፤ አንድም ሰው አፏን ከፍቶ አላየላትም። ንቅሳቱ ቅላቱን ስለሚሸፍን እኔም አላየሁም። ሐኪሟ ቁጥር ስትጠራ እማዬ እጄን ይዛ ትሰማ ነበር። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች። «ያ አምስት ያለችው መጥፎ ነው?» አለችኝ።

«ይድናል እማዬ» አልኳት። ማታ ቤት ገብተን ብሩሹን አስያዝኳት፣ እንዴት እንደሚቦረሽ አሳየኋት። ደማች። «አታቁሚ» አልኳት።