የወደቅኩት መስመሩ ውስጥ ሆኜ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መስመር በሌለው አስፋልት ላይ ከሲኖትራክና ከአይሱዙ ጋር ስጋፋ አንድም ቀን አልወደቅኩም። የወደቅኩት ለብስክሌት ተብሎ በተሰመረው ነጭ መስመር ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀስ ብዬ ስነዳ ነው። የጣለኝም መኪና አይደለም። ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት ናቸው።

ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

መምህር ነኝ። ቤቴ ጠባሴ ነው፣ የማስተምረው መሃል ከተማ። አንድ ሰሞን ቤንዚን ጠፋና ባጃጅ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። ሲገኝም ተጣብቀን ነው። በእግሬ ስሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠኛል። "ለምን ብስክሌት አትገዛም?" ያለችኝ ባለቤቴ ናት። እየቀለደች ነበር። እኔ የምሯን መስሎኝ ገዛሁ።

ያገለገለች ብስክሌት ናት፣ ከመርካቶ። 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭና መጣች። ስትወርድ የፊት ቸርኬዋ ተጣሟል፣ ካቴናዋ ወልቋል። የሰፈራችን ጎሚስታ አገላብጦ አያትና "ቲቸር፣ ፍሬኗ ሳይስተካከልማ ከዚህ አይወጡም" አለኝ። እኔን ያሳሰበኝ ቀለሟ ነበር። ልጁ የሁለቱንም ፍሬን ላስቲክ ቀየረ፣ ካላማዳሪያውን ለጠፈ፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ሰካ። ለብስክሌቷ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ትንሹ ያ ነው። ብዙ ጊዜ ያተረፈኝም እሱ ነው።

ብርዱን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። ትንሽ ዳገት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ጓንት ወጣሁ። አንድ ውሻ ዘሎ ሲገባብኝ ፍሬን ልይዝ ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። እግሬን አስፋልት ላይ እየጎተትኩ ነው የቆምኩት። ጓንት ገዛሁ። ቀጥሎ ደግሞ አንገት ልብሴን ጆሮዬ ላይ ጠምጥሜ መንዳት ጀመርኩ። ሙቀቱ ይጥማል፣ ግን ከኋላ የሚመጣ መኪና አይሰማም። አሁን አንገት ልብሱ አንገቴ ላይ ብቻ ይውላል። ጆሮዬ ይቀዘቅዛል። ይቀዝቅዝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማችንን መሃል ለመሃል ያቋርጣታል። ስለዚህ የእኔ የሰፈር መንገድ የአገር መንገድም ነው። ተሳቢ ያለው ጭነት መኪና፣ የጣርማ በርን ዳገት ጨርሶ የመጣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ኩበት የጫነች አህያ። ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ። በዚያ ላይ እኔ።

አንድ ትርፍ ደብተር ወስጄ "የድንጋጤ መዝገብ" አልኩት። ልቤ ድንግጥ ባለች ቁጥር ማታ እጽፋለሁ። የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ገባብኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን አገላብጣ አየችውና "ይሄን ሁሉ ከደነገጥክ ለምን አትተወውም?" አለችኝ። እኔ ግን ለመተው ሳይሆን ለማወቅ ነበር የምጽፈው።

ሦስት ወር ከጻፍኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀን ከሌት የምፈራው ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ነበር። መዝገቡ ላይ ግን እሱ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል እንጂ ብዙ ቦታ የለውም። ገጹን የሞላው መገንጠያ ነው። ባጃጅ ይቀድመኝና ወዲያው ፊቴ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ታክሲ ተሳፋሪ አይቶ ያለ ፍሬቻ ወደ ዳር ይገባል። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚወጣ ሾፌር "ግራ ቀኙን አይቻለሁ" ይላል። አይቷል፣ የፈለገው ግን መኪና ስለነበር ብስክሌቱ ዓይኑ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ መስመሩ መጣ። ከምሄድበት መንገድ አንዱ ክፍል ሲታደስ ቀኝ ዳሩ ላይ ነጭ መስመር ተቀባ፣ የብስክሌት ሥዕልም ተሳለበት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፎቶ አንስቼ "ሥልጣኔ ገባ" ብዬ ለወንድሜ ላክሁለት።

ሳምንት አልቆየም። ሥዕሏ ላይ አሸዋ ተደፋ። ከአሸዋው ቀጥሎ ብሎኬት ተደረደረ። ሊስትሮው ጃንጥላውን ተከለ። አንዲት እናት ገብስ አሰጡበት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ደልዳላ ቦታ ከየት ያመጣሉ? የፍሳሽ መክደኛው ብረት የተነሣበት ጉድጓድም አለ። ክረምት ላይ ውኃ ሞልቶት ኩሬ ይመስላል። ኩሬ ካየሁ አልገባም፣ ጥልቀቱን የሚያውቀው እግዜር ነው። እንቅፋት በገጠመኝ ቁጥር ከመስመሩ ወደ መኪናው መውጣት አለብኝ። ስወጣ ደግሞ ሾፌሩ አይጠብቀኝም። "መንገድ ተሠርቶለት እዚህ ምን ይሠራል?" ይላል። ይሄን በአፉ አይልህም፣ በክላክስ ነው የሚነግርህ።

አሁን ወደ አዛውንቱ። ጠዋት ነው፣ የገበያ ቀን። መስመሬን ይዤ እሄዳለሁ። ፊት ለፊቴ አንድ ባጃጅ ከመስመሩ ግራ ቆመ። ለብርዱ በሸራ ተጋርዷል፣ ውስጡ አይታይም። ዳር ላይ እኔ አለሁ፣ ቆሟል፣ አለፍኩ ብዬ ቀጠልኩ። ሸራው ተገለጠና ጋቢ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሰው ልክ ፊቴ ላይ ወረዱ። ፍሬኑን ጨመቅኩት። እሳቸውን ሳልነካ እኔ በግራ ጎኔ ተዘረጋሁ።

"አባቴ፣ ተጎዱ?" አልኩ መሬት ላይ ሆኜ።

"እኔስ ደህና ነኝ። አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው በሰው መውረጃ የምትነዳው?"

"ይሄ እኮ የብስክሌት መንገድ ነው፣ አባቴ።"

ጎንበስ ብለው አስፋልቱን አዩ። ሥዕሉን አዩ። "እኛማ ለጌጥ መስሎን!" አሉ። ከዚያ ብስክሌቷን አነሡልኝ፣ ኮቴን አራገፉልኝ፣ "ጦስህን ይዞ ይሂድ" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

የእጄ አንጓ አብጦ ሁለት ሳምንት አልነዳሁም። ጊዜ ስላገኘሁ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። ጥፋቱ የማን ነው? የእሳቸው አልመሰለኝም። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት ከቆመ ባጃጅ አጠገብ ሳልፍ ሁልጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ርቄ በግራ በኩል ነበር የማልፈው። ይሄን ያስተማረኝ ማንም የለም፣ ፍርሃት ነው። መስመሩ ሲመጣ ፍርሃቴን አስረክቤ ገባሁበት። የገባሁት ደግሞ ሰው ከባጃጅ በሚወርድበትና በእግረኛው መንገድ መካከል ነው። ቀለሙ አጥር መሰለኝ። የታጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እጄ እስኪድን ስልኬ ላይ ስለዚሁ ነገር ማንበብ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የወጣ ጥናት አገኘሁ። 60 ብስክሌተኞች ላይ መለኪያ ገጥመው መኪና ሲቀድማቸው ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚያልፍ ለኩ። ከ18,000 በላይ ጊዜ ነው የተለካው። በቀለም ብቻ የተሰመረ የብስክሌት መስመር ባለበት መንገድ መኪኖቹ መስመር ከሌለበት ይልቅ በአማካይ በ27 ሳንቲ ሜትር ቀርበው ያልፋሉ። መስመሩ አጠገብ የቆመ መኪና ካለ ደግሞ ልዩነቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ይሄን ሳነብ ከአልጋዬ ተነሣሁ። የአይሱዙው ንፋስ የሚገፈትረኝ መስመሩ ላይ ሆኜ ነው እያልኩ ራሴን ስጠራጠር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። መስመር ከሌለ ሾፌሩ እንደ እንቅፋት ያየኛል፣ መሪውን ወደ ግራ ሰበር ያደርጋል። መስመር ካለ ግን እሱ በራሱ በኩል ነው፣ እኔ በራሴ። መሐላችን ያለው ክፍተት የማንም ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ መስመር አይጠቅምም ልበል? አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ፣ በቶሮንቶና በቫንኩቨር ተጎድተው ሆስፒታል የገቡ ብስክሌተኞችን ያጠኑ ሰዎች የደረሱበት ሌላ ነው። ዳሩ ላይ መኪና በሚቆምበትና ምንም የብስክሌት ቦታ በሌለው ትልቅ መንገድ ላይ ካለው የመጎዳት ዕድል ጋር ሲያስተያዩት፣ በድንጋይ ወይም በሌላ ነገር ከመኪና በተለየ መንገድ ላይ ያለው ዕድል ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ቀለምና ድንጋይ አንድ አይደሉም።

ይሄን በራሴ ሳላይ አላምንም አልኩ። ለእረፍት አዲስ አበባ ስሄድ የእህቴን ልጅ ብስክሌት ተዋስኩና በኮሪደር ልማቱ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በተሠራው መንገድ ወጣሁ። ከመኪናው ተለይቶ በእግረኛው በኩል ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ትከሻዬ ነው። ለካ ስነዳ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰብስቤ ኖሯል። ወረደልኝ። እርግጥ ነው እግረኛው ይገባል፣ ሴልፊ የሚነሣ አለ፣ ጋሪ የሚገፉ እናት አሉ። ግን የተጋጨሁት ከሰው ጋር ቢሆን ይቅርታ ተባብለን ነው የምንለያየው። ከሲኖትራክ ጋር ይቅርታ የለም። መገንጠያ ላይ ስደርስ ግን ያው የድንጋጤ መዝገቤ ተከፈተ። ድንጋዩ ያልቃል፣ መንገዱ ክፍት ይሆናል፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ሾፌር የሚያየው ወደ ግራ ነው። ብስክሌተኛ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ወዳጄ የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ በዚህ ወሬ ይስቅብኛል። "እኛ መስመር ሳይኖር ነው ያደግነው" ይላል። ልክ ነው፣ ግን ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም የሞላባት ናት። ሾፌሩ ብስክሌት እንደሚመጣ ለምዷል። እዚህ ተማሪዎቼ እንኳ ሲያዩኝ "ቲቸር ዛሬም በሳይክል!" እያሉ ይጮኻሉ። ብርቅ የሆነ ነገር አይጠበቅም። ያልተጠበቀ ነገር ደግሞ አይታይም።

አሁን የምነዳው እንዲህ ነው። የቆመ ባጃጅ ወይም ታክሲ ካየሁ መስመሩን እተወዋለሁ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አያለሁ፣ እጄን አሳያለሁ፣ ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ርቄ አልፋለሁ። ክላክሱን ይንፋው። ከባድ መኪና መገንጠያ ላይ ከቆመ በቀኙ ሾልኬ አላልፍም፣ ከኋላው እጠብቃለሁ። በስፔኪዮው ሾፌሩ ካልታየኝ እኔም አልታየውም። ፍጥነቱ የበዛበትን ክፍል ደግሞ ትቼ በውስጥ ለውስጥ እሄዳለሁ። አምስት ደቂቃ ይጨምርብኛል፣ ድንጋዩም መቀመጫ ያሳምማል፣ ግን እዚያ መኪናው ራሱ ጉድጓዱን ፈርቶ ነው የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰውና መኪና በሚደባለቅበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኛን ሰፈር ጉድጓድ ያየ ሰው ምክሩን ሰምተን የቆፈርነው ይመስለዋል።

ለተማሪዎቼም የሆላንዶቹን ዘዴ አሳይቻለሁ። የመኪና በር ለበሩ በሚቀርበው እጅ ሳይሆን በሌላኛው እጅ መክፈት ነው። እጅህ ሲሻገር ወገብህ ይዞራል፣ ዓይንህም ሳትፈልግ ወደ ኋላ ያያል። ባጃጅ በር ስለሌለው በሸራው ተለማመድን። ክፍሉ ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ሁለት ልጆች ግን አሁን ከባጃጅ ሲወርዱ ወደ ኋላ ሲያዩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። በብስክሌት ትምህርት ቤት ልሂድ ብላ ከያዘችኝ ወራት አልፏል። እኔ ይሄን ሁሉ የማሰላስለው ለእሷ መልስ ለመስጠት ነው ብል ይቀላል። በቀለም በተሰመረው መንገድ ብቻዋን አልለቃትም። እንዲህ ተስማማን፤ ውስጥ ለውስጥ ትነዳለች፣ መስመሩ ላይ ስንደርስ እኔ በግራዋ ሆኜ ከመኪናው እለያታለሁ፣ መገንጠያ ላይ ሁለታችንም ወርደን እየገፋን እንሻገራለን። መግፋቱን ትጠላዋለች። "አባዬ፣ ጓደኞቼ ያዩኛል እኮ" ትላለች።

ባለፈው ሰሞን ደብተሬን ስፈልግ የራሷን አገኘሁ። እሷም የድንጋጤ መዝገብ ጀምራለች። ሦስት ነገር ነው የተጻፈበት። አንደኛው ውሻ። ሁለተኛው ከግቢ ወደ ኋላ የወጣ ሚኒባስ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ "አባዬ ሳይነግረኝ በድንገት ፍሬን ያዘ።"