ከግራ ጠረጴዛ ወደ ቀኝ ጠረጴዛ

እማዬ እዚህ አገር ምን ሠርቼ እንደምበላ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባትም። አንድ ቅዳሜ ደውዬላት "ሰሞኑን የቲፍ ነገር ይዞኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ" ብላት፣ ትንሽ ዝም አለችና "እዚያም ጤፍ ይዘራል እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ላርማት አስቤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ከጤንነቴ ቀጥላ የምትጠይቀኝ "ጤፉስ እንዴት ሆነ?" ብላ ነው።

የምሠራው አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ ከ99ኙ ካውንቲዎች በአንዷ፣ የካውንቲውን የበጀትና የግብር መዝገብ በሚይዙት በኦዲተሯ ቢሮ ነው። ስሟን ልዝለለው። በቆሎና አኩሪ አተር የከበባት፣ ወጣቱ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ዴሞይን የሚሄድባት ትንሽ ካውንቲ ናት። እኔ ወደዚህ የመጣሁት እንደ ብዙው አበሻ በስጋ ፋብሪካ በር ነው፤ ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ። አዲስ አበባ የተማርኩት የሂሳብ ሥራ ስለነበር፣ የበጀት ሠራተኛ ቦታ ሲወጣ አመለከትኩና ተቀበሉኝ። በበጀት ሥራ ላይ የሱፐርቫይዘሮቹን፣ ማለትም ካውንቲውን የሚመሩትን ተመራጮች፣ ቦርድ ወረቀት ማዘጋጀትም ተጨመረብኝ። ትንሽ ካውንቲ ውስጥ አንድ ሰው ሦስት ኮፍያ ያደርጋል።

ቲፍን (በእንግሊዝኛ TIF፣ tax increment financing፤ ልማትን ከግብር ጭማሪ መክፈል) ለማያውቅ ሰው የማስረዳው እንዲህ ነው። አንድ መሬት ዛሬ ያለው የግብር ግምት እንደ መነሻ ይታሰራል። ከመነሻው የሚገኘው ግብር እንደ ድሮው ለትምህርት ቤቱም ለካውንቲውም ለሌላውም ይከፋፈላል። መሬቱ ላይ ፋብሪካ ሲቆም ግምቱ ያድጋል፤ ከመነሻው በላይ ካለው ጭማሪ የሚመጣው ግብር ግን፣ አብዛኛው፣ ወደ ጋራው ቋት አይገባም። ለብቻው ተቀምጦ ለፋብሪካው ሲባል የተሠራውን መንገድና የተዘረጋውን ውሃ ዕዳ ይከፍላል፣ ወይም ከፊሉ ለድርጅቱ ተመላሽ ይሆናል። ገና ያልተወለደ ጥጃ ሸጦ በረት መሥራት ነው ብሎ የሚቀልድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ሐሳቡን በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጀመረችው ካሊፎርኒያ ናት፤ በ2012 ደግሞ በዚሁ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩትን የልማት ኤጀንሲዎቿን ራሷ አፍርሳቸዋለች። ሌሎቹ ግዛቶች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይዘውት ቀጥለዋል።

አዮዋ ውስጥ ይህ ሁሉ የሚሠራው "የከተማ ማደሻ" በሚባለው ሕግ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ይህ በጣም ያስቀኝ ነበር። ከተማ የለም፣ የሚታደስም የለም፤ ዓይን እስኪደክም በቆሎ ብቻ። ሕጉ ሲወጣ ለተጎሳቆሉ የከተማ ሰፈሮች ነበር፤ ኋላ ላይ የኢኮኖሚ ልማት ሲጨመርበት በሩ ለገጠሩም ተከፈተ።

በ2015 አንድ የእርሻ መሣሪያ ክፍሎች የሚሠራ ድርጅት ቦታ ይፈልግ ነበር። 60 ሰው እቀጥራለሁ አለ። እኛ ጋ 60 ሥራ ማለት ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሳይዘጋ ይከርማል ማለት ነው። ከአውራ ጎዳናው ገባ ያለ 40 ኤከር ማሳ ተመረጠ። የእርሻ መሬት ያለባለቤቱ ፈቃድ በእንዲህ ያለ ክልል ውስጥ ሊካተት ስለማይችል ባለቤቱ ፈረሙ። ከትምህርት ቤቱ ጋር ምክክር ተደረገ፣ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ካውንቲው ጠጠሩን መንገድ አስፋልት ሊያደርግ፣ ለድርጅቱ ደግሞ የጭማሪውን ግብር ግማሽ ለአሥር ዓመት ሊመልስ ተስማማ። ድርጅቱም በበኩሉ የንብረቱ ግምት ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድ የሚያስረውን ውል ፈረመ። ይህ ውል ባይኖር፣ ፋብሪካው በቆመ በዓመቱ ኤፕሪል ላይ "ግምቱ በዛብኝ" ብሎ ይግባኝ ሲል ካውንቲው የመንገድ ዕዳውን ታቅፎ ይቀር ነበር።

በሕዝቡ ስብሰባ ላይ የተናገሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከማሳው ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "ይህን መንገድ አስፋልት አድርጉልን እያልኩ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ አርባ ዓመቴ ነው። ለኔ ገንዘብ የለም ነበር። ለነሱ በስድስት ወር ተገኘ" አሉ። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ "አንድ ነዋሪ አስተያየት ሰጡ" ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። በአዮዋ ሕግ መነሻው የሚታሰረው ዕቅዱ በጸደቀበት ቀን አይደለም። ካውንቲው "በዚህ ክልል ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ" ብሎ ለኦዲተሩ በጽሑፍ ያረጋገጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነው የሚወስነው፤ ከዚያ ዓመት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን የነበረው ግምት መነሻ ይሆናል። ማረጋገጫው እስከ ዲሴምበር 1 መግባት አለበት። ቶሎ ብታስገባው ሌላ ጣጣ አለ፤ ለኢኮኖሚ ልማት የተከለለ ቦታ የሚፈቀድለት 20 ዓመት ነውና መቁጠር ይጀምራል። ፋብሪካው ሳይቆም ማስቆጠር ባዶ ድስት እሳት ላይ እንደ መጣድ ነው። ከዘገየህ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ መነሻው ውስጥ ይገባና ጭማሪ የሚባለው ነገር ይተናል።

የኛው ፋብሪካ የተሠራው በ2016 ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ቦታው በረዶ የለበሰ ማሳ ነበር፤ ግምቱ 80 ሺህ ዶላር አካባቢ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጣሪያው የተመታ ሕንጻ ቆሞበታል፤ ግምቱ ሚሊዮኖች ገብቷል። ስለዚህ ወረቀቱ በ2017 ከገባ መነሻችን ማሳው ነው። 2018ን ከነካ መነሻችን ሕንጻው ነው፤ የመንገዱን ዕዳ የሚከፍል፣ ለድርጅቱ የሚመለስ አንድ ሳንቲም እንኳ ላይገኝ ይችላል። ጠበቃችን ይህን አስልተው በ2015 "እስከ 2017 ጠብቁ" አሉን። እኔም ትጉህ ነኝና ክላሰሩ ላይ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ለጠፍኩበት፦ "እስከ 2017 አይነካ።"

ቢጫዋ ወረቀት ሥራዋን ሠራች። ማንም አልነካውም።

እንዴት ሆነ ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ከተማው ለካውንቲው ኦዲተር ይልካል፤ ላኪና ተቀባይ ይተዋወቃሉ፣ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። እዚህ ግን ላኪው ካውንቲው ራሱ ነው። የቦርዱን ወረቀት የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ የምቀመጠው ኦዲተሯ ቢሮ ውስጥ፣ ከጠረጴዛቸው በስተግራ። ተቀባይዋ አለቃዬ ናቸው። በሁለታችን ጠረጴዛ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ነው። ወረቀቱ የት ነው ቢባል ሁለታችንም "እዚሁ ነው" እንላለን፤ ልክም ነን፣ እዚሁ ነበር። ነገሩን ከኛ በላይ የምታውቀው የአለቃዬ ምክትል ደግሞ በ2017 ጁላይ ላይ ጡረታ ወጣች። ኬክ ተቆረሰ፣ ካርድ ፈረምን፣ ስለ ክላሰሩ ያነሳ የለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 2017፣ ከሰዓት በኋላ ለግዛቱ የማኔጅመንት መሥሪያ ቤት የሚላከውን የዓመቱን የቲፍ ሪፖርት እየሞላሁ ነበር። እሱም የሚገባው በዚያችው ዲሴምበር 1 ነው። ዕዳው መቼ እንደተረጋገጠ የሚጠይቅ ቦታ ላይ ስደርስ ቀኑን ልገለብጥ ክላሰሩን አወጣሁ። ቅጹ አለ። በእርሳስ የተሞላ፣ ያልተፈረመ፣ ማህተም የሌለው። ክው ብዬ ቀረሁ። ክረምት በበረደበት አገር ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ቅጹን ይዤ ወደ ቀኝ ዞርኩ። አለቃዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

"አስገብተኸው መስሎኝ ነበር" አሉ።

"እኔ ደግሞ እርስዎ ጋ ያለ መስሎኝ።"

ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ዝም። ከዚያ "ዛሬ ስንት ነው?" አሉኝ፤ ቀን መቁጠሪያው ፊት ለፊታቸው ተሰቅሎ።

"አሁኑኑ ፈርሞ ማስገባት ነዋ" የምትሉ አትጠፉም። አይሆንም። ለድርጅቱ የሚመለሰውን የመጪውን ዓመት ገንዘብ ቦርዱ በየዓመቱ በውሳኔ ካልመደበው፣ የሚረጋገጥ ዕዳ የለም። የመንገዱ ወጪም ከካውንቲው ፈንድ የተወሰደ ብድር መሆኑ በውሳኔ መጽደቅ ነበረበት። ቦርዱ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ዲሴምበር 5። አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት ደግሞ የአዮዋ ሕግ ቢያንስ የ24 ሰዓት ማስታወቂያ ይጠይቃል። ሱፐርቫይዘሮቻችን ሦስት ናቸው። አንደኛው ሆስፒታል ተኝተዋል። ሁለተኛዋ አሉ። ሦስተኛው አርብ ጠዋት ወደ አጋዘን አደን ሊሄዱ ዕቃ ጭነዋል፤ ቅዳሜ የጠመንጃው አደን ይከፈታል፣ እዚህ አገር ያ ቀን ከበዓል አይተናነስም። ያለ እሳቸው ምልዓተ ጉባኤ የለም።

ደወልኩላቸው። የጥፋቱ ባለቤት እኔ መሆኔን መጀመሪያ ተናገርኩ፤ ሰበብ አስቀድሞ መደርደር ጊዜ ይፈጃል። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "ስምንት ሰዓት ጠዋት። ዘጠኝ ሲሆን መንገድ ላይ ነኝ" አሉና ዘጉት። እነሱ ስምንት የሚሉት የኛን ሁለት ሰዓት ነው። ማስታወቂያውን በዚያው ማታ በር ላይ ለጠፍን፣ ለጋዜጣው ላክን፤ ሐሙስ ጠበቃችን የውሳኔዎቹን ረቂቅ ላኩ፤ እኔ ዶላሩን አራት ጊዜ ደመርኩ።

አርብ ጠዋት ሱፐርቫይዘሩ ብርቱካናማ የአደን ሰደርያቸውን እንደለበሱ ገቡ። ስብሰባው ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ፈርመው ሲወጡ በአጠገቤ ቆም ብለው፣ "አጋዘኑ ካመለጠኝ አንተ ነህ የምትገዛልኝ" አሉ፤ እየቀለዱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ አለቃዬ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብለው መውሰድ ይችሉ ነበር። አልወሰዱም። "በል አምጣ" አሉ። ተነስቼ ሦስቱን እርምጃ ተራመድኩና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። "ገቢ" የሚለውን ማህተም ከመሳቢያ አወጡ። ቀኑ የትናንቱን ያሳይ ነበር፤ የጎማዋን ቀለበት በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ገፍተው ወሩንም ቀኑንም አስተካከሉ፣ በአሮጌ ወረቀት ላይ ሞከሩት፣ ከዚያ መቱት። ዲሴምበር 1 ቀን 2017። ኮፒውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ጣታቸው ላይ ሐምራዊ ቀለም ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ እማዬ ጋ ስደውል "ጤፉስ?" አለችኝ። "ለጥቂት ነው እንጂ ውርጭ ሊመታው ነበር" አልኳት። "ተመስገን በል፣ ቶሎ ሰብስበው" አለችኝ።

ስለ ቲፍ ብዙ ክርክር አለ፤ ለድርጅት የሚሰጥ ስጦታ ነው የሚል አለ፣ ያለ እሱ ገጠር አይለማም የሚል አለ። ሁለቱም ወገን ስብሰባ ላይ ሲፋጠጥ ቃለ ጉባኤ የያዝኩ ሰው ነኝ። እኔን ሌሊት የሚያስነሳኝ ግን ክርክሩ ሳይሆን ያ ሦስት እርምጃ ነው። አሁን ከጠረጴዛዬ ወደ አለቃዬ የሚሄድ ማንኛውም የሚያስጠይቅ ወረቀት የገቢ ማህተም ይመታበታል፤ አዲስ የመጡት ሠራተኞች እብዶች ይመስሏቸዋል፣ ግድ የለም። "አይነካ" የሚል ተለጣፊም ቢሮው ውስጥ የለም። "በዚህ ቀን፣ እገሌ ይንካው" ነው የሚባለው፤ እገሌም ሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ጡረታ ቢወጣ።

የመጀመሪያው ጭማሪ ግብር የገባው በ2018 መከር ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ሽማግሌው ገበሬ የራሳቸውን ግብር ሊከፍሉ መጥተው በእኛ መስኮት ብቅ አሉ።

"ፋብሪካው ከፈለ?"

"ከፍሏል፣ ጌታዬ።"

"ለሁላችንም የሚገባው መቼ ነው?"

ሁሉም እንደታሰበው ከሄደ፣ የመንገዱ ዕዳ ተከፍሎ የአሥር ዓመቱ ተመላሽ የሚያልቀው በ2028 አጋማሽ እንደሆነ ነገርኳቸው። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ጣታቸውን እያነሱ ቆጠሩ።

"ሰማንያ ዘጠኝ ይሆነኛል" አሉ። ኮፍያቸውን አደረጉ። "እንግዲያው አስፋልቱን አሁን ልንዳበት።"